ፒፓዬ ለምን ቡልቅ ቡልቅ ይላል?

ፒፓ ማጨስ በጀመርኩባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ፣ ትንባሆው ግማሽ ላይ ሲደርስ ከፒፓው አንገት ውስጥ የሚሰማው ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ነበር። ድምፁ ሺሻ ሲሳብ ከሚሰማው ጋር ይመሳሰላል፤ ሺሻ ውስጥ ግን ውሃው ታስቦበት የተቀመጠ ነው፣ የፒፓውን ውሃ ማንም አላስገባውም። ድምፁ ከተሰማ ብዙም ሳይቆይ መራራና የሚያቃጥል ጠብታ ምላስ ላይ ያርፋል፤ ጭሱ ይከብዳል፣ ጣዕሙ ይጎመዝዛል፣ የቀረው ትንባሆም አመድ መሆን አቅቶት እንደ ጭቃ ረጥቦ ትንባሆው ከሚሞላበት ጉድጓድ ሥር ይቀራል። በዚህ ምክንያት ብቻ ፒፓን እርግፍ አድርገው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔም ልተው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ የሰጡኝ መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ምራቅህ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው፤ ከንፈሬን በመሐረብ እየጠረግኩ፣ ፒፓውን በጥርሴ መንከሱን ትቼ በእጄ ብቻ እየያዝኩ፣ በሳብኩ ቁጥርም ከአፌ እያወጣሁ አንድ ምሽት ሙሉ ተጠንቅቄ አጨስኩ። ድምፁ ግን በለመደው ሰዓት፣ በለመደው ቦታ ጀመረ። ምራቅ ምንም ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም፤ መምጠጫውን በጥርስ ነክሶ ለረጅም ጊዜ የሚይዝ ሰው አፉ ውሃ ማቅረሩ፣ ከዚያም የተወሰነው በቀዳዳው ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። ነገር ግን ምራቅ ዋናው ምንጭ ቢሆን ኖሮ በዚያ ምሽት ቢያንስ መቀነስ ነበረበት። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የተነሣሁት ያን ጊዜ ነው።

ውሃውን የሚወልደው እሳቱ ራሱ ነው። ቅጠልን ቅጠል ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ሴሉሎስ ነው፤ በሴሉሎስ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፤ ሴሉሎሱ ሲቃጠል ይህ ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል። አንድ ግራም ፍጹም ደረቅ ሴሉሎስ ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል 0.55 ግራም ያህል ውሃ ይወጣዋል። በፒፓ ውስጥ ያለው ቃጠሎ የተሟላ አይደለም፣ ትንባሆም ሴሉሎስ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩ በቀጥታ ለትንባሆ አይሠራም። ሆኖም የነገሩን መጠን ያሳያል። አንድ ጊዜ የተሞላ ፒፓ ሁለት ወይም ሦስት ግራም ትንባሆ ሊይዝ ይችላል፤ ቅጠሉ አስቀድሞ በውስጡ የያዘው እርጥበት ሲጨመርበት በአንድ ማጨሻ ጊዜ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ውሃ በርካታ ጠብታ ነው፣ ድምፅ ለማሰማት ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ይበቃል። ይህን ካሰላሁ በኋላ ውሃውን ፈጽሞ ለማጥፋት መሞከሬን ተውኩ። ያለኝ አማራጭ እንፋሎቱ እንፋሎት እንደሆነ እንዲያልፍ መርዳት፣ ያላለፈው ደግሞ የጭሱን መንገድ ሳይዘጋ የሚያርፍበት ቦታ ወይም የሚመጠጥበት ነገር እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አሳብ የሚወጣ ነው።

እንፋሎት ፍሙ ባለበት በሞቀው ጉድጓድ ውስጥ እያለ ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ወደ አንገቱ ሲያልፍ ነው። እንጨት ሙቀትን በቀላሉ ስለማያስተላልፍ አንገቱ ከጉድጓዱ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ እንፋሎቱ ያን ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ በድስት ክዳን ላይ እንደምናየው ወደ ጠብታ ይለወጣል። ጠብታዎቹ ይጠራቀማሉ፣ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይንሸራተታሉ፣ ከዚያም የሚሳበው ጭስ በእነርሱ መካከል እየሰነጠቀ ሲያልፍ ያ የመንቦጫቦጭ ድምፅ ይፈጠራል። ቆልማማ ፒፓ ከቀጥ ያለው ይልቅ በዚህ የሚታማውም ስለዚህ ነው፤ የመንገዱ ዝቅተኛ ቦታ ብዙ ጊዜ አንገቱ ውስጥ ስለሚውል ጠብታው ከዚያ የሚሄድበት የለውም።

አሁን የአሳሳብ ነገር ይመጣል። ቶሎ ቶሎና በኃይል ሲሳብ ፍሙ ይግላል፣ በደቂቃ የሚቃጠለው ትንባሆ ይበዛል፣ የሚወለደው እንፋሎትም በዚያው ልክ ይጨምራል። እንጨቱ ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሊመጥጥ የሚችለው እርጥበት ውሱን ነው። ከዚህም በላይ ብዙዎች ልብ የማይሉት አንድ ነገር አለ፤ ከላይ ያለው ፍም የሚለቀው እንፋሎት ወደ አንገቱ የሚደርሰው ገና ባልነደደው በታችኛው ትንባሆ መካከል አልፎ ነው፤ ያ ትንባሆ ቀዝቃዛ ስለሆነ እርጥበቱን ይይዛል፣ እየቆየም ይበሰብሳል። ደረቅ ትንባሆ ሞልቼ ከሥር ጭቃ የማገኘው ለምንድን ነው ብሎ የሚገረም ሰው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ዝግ ብሎ መሳብ ማለት ጭሱ ከጉድጓዱ ሲወጣ በዓይን እምብዛም እስከማይታይ ድረስ ቀስ ማለት ነው፤ እሳቱ ቢጠፋ እንደገና መለኮስ ነውር የለውም። እኔ ራሴ ይህን ልማድ ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል፤ እሳቱ እንዳይጠፋ የነበረኝ ፍርሃት ፒፓውን ያለማቋረጥ ያስመጥጠኝ ነበር፣ ፍርሃቱ ሲለቀኝ ድምፁም በግማሽ ቀነሰ።

ሌላው ግማሽ ከትንባሆው እርጥበት ጋር የተያያዘ ነበር። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጥ ትንባሆ ብዙ ጊዜ ለማጨስ ከሚያስፈልገው በላይ እርጥብ ሆኖ ነው የሚደርሰን፤ እርጥበቱ በመደርደሪያ ላይ ሲቆይ እንዳይደርቅና እንዳይፈረካከስ ይጠብቀዋል፣ ነገር ግን እሳት ለመቀበል አይመቸውም። ስለዚህ ከማጨሴ በፊት የሚበቃኝን ያህል አውጥቼ ነጭ ወረቀት ላይ እበትናለሁ። ስንት ሰዓት ይቆይ የሚለውን በሰዓት መናገር አይቻልም፤ በስሱ የተከተፈ ትንባሆ በሃያ ደቂቃ ሊደርስ ይችላል፣ ተጠቅጥቆ እንደ ቅርፊት የተቆረጠ ቨርጂኒያ የሚባለው የትንባሆ ዓይነት ግን ካልተፈለፈለ በስተቀር ሁለት ሰዓትም ላይበቃው ይችላል፣ አየሩ እርጥብ በሆነ ቀን ደግሞ ሁሉም ይረዝማል። ሰዓቱን ትቼ ጣቶቼን አምናለሁ። ቆንጥሬ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ጫን አደርገውና እለቀዋለሁ፤ እንደተጣበቀ ከቀረ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከተላቀቀና ከተበተነ ደርሷል፤ ከተሰባበረና ዱቄት ከሆነ አልፎበታል። ሁለተኛው ምልክት ጆሮ ነው። በደረሰው ትንባሆ ውስጥ ጣት ሲገባ በጣም ስስ የሆነ የመንኮሻኮሽ ድምፅ ይሰማል፣ እርጥቡ ግን ዝም ይላል።

ጣዕም የተጨመረባቸው፣ ቫኒላ ወይም ቼሪ የሚሸቱ ትንባሆዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። በብዙዎቹ ውስጥ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ይገባል፤ ይህ ፈሳሽ ውሃን ወደ ራሱ የሚስብና በቀላሉ የማይተን በመሆኑ ትንባሆው ወረቀት ላይ አንድ ቀን ቢያድርም ሲነካ ጣትን እንደያዘ ይቆያል። እንዲህ ያለውን ትንባሆ እስኪደርቅ መጠበቅ ከንቱ ነው። የሚሻለው ትንሽ ሞልቶ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከታች የምናገርለትን ማጽጃ ሽቦ ከወትሮው አብዝቶ እየተጠቀሙ ማጨስ ነው። ጀማሪዎች በመዓዛው ስለሚማረኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በዚህ ዓይነቱ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ፒፓቸው ሲንቦጫቦጭ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ መጫናቸው ያሳዝነኛል። እኔን ጀማሪ ቢጠይቀኝ ምንም ባልተጨመረበት በርሊ በተባለው የትንባሆ ዓይነት ወይም በቨርጂኒያ እንዲጀምር እመክረዋለሁ።

አሞላልን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሥር ላላ አድርጎ፣ ወደ ላይ እየወጡ ጠበቅ ማድረግ፣ ሳይለኩሱም አንዴ ስቦ መሞከር ይበቃል፤ አየሩ ካልመጣ በኃይል ወደ መሳብ፣ በኃይል ከመሳብ ወደ ሙቀት፣ ከሙቀት ወደ ውሃ መሄድ ስለማይቀር አውጥቶ እንደገና መሙላት ይሻላል። ሲጨስም መጠቅጠቂያውን አመዱ ላይ በራሱ ክብደት ማሳረፍ እንጂ መጫን አያስፈልግም፤ የረጠበ ትንባሆ ላይ ሲጫኑት የቀረችውን ትንሽ የአየር መንገድ ይዘጋታል።

ማጽጃ ሽቦው ግን ሰፋ አድርጎ ሊነገርለት ይገባል፣ ምክንያቱም ከሁሉም መሣሪያ ርካሹም ጠቃሚውም እርሱ ነው። ጥጥ የለበሰ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ብዙ ሰው ሲጨርስ ለመጥረጊያ ብቻ ያወጣዋል። እኔ በማጨስ ላይ እያለሁ፣ ትንባሆው ሲሶ ሲደርስ፣ ድምፁ ገና ሳይጀምር እጠቀምበታለሁ። መምጠጫውን ሳልነቅል በአፍ በኩል አስገብቼ ቀስ እያልኩ እገፋዋለሁ፤ አንገቱ ውስጥ ሲደርስ ጥቂት ይይዛል፣ ከዚያም ጫፉ ትንባሆውን ሲነካ ለስላሳ መቋቋም በጣቴ ይሰማኛል። እዚያ ላይ እስከ አሥር እየቆጠርኩ አቆየዋለሁ፣ ጥጡ ለመምጠጥ ጊዜ ያስፈልገዋልና። ሳወጣው የገባበት ርዝመት ሁሉ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ የአፍ ጫፉ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፣ መካከሉ ላይ የጣት ያህል ቦታ ቡናማ ሆኖ ይረጥባል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ በጥቁር ነጠብጣብ የተበከለ ብቻ ነው። ይህን ካርታ ማንበብ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የአፍ ጫፉ ከረጠበ ጥፋቱ የምራቅ ነው፤ መካከሉ ብቻ በጣም ከረጠበ ውሃው የሚጠራቀመው መምጠጫው አንገቱ ውስጥ በሚገባበት መጋጠሚያ ላይ ነው።

በአንዳንድ ቆልማማ ፒፓዎች ሽቦው መጋጠሚያው ላይ ደርሶ አልገባ ይላል፣ የመምጠጫው ቀዳዳና የአንገቱ ቀዳዳ በትክክል አልተገናኙምና። ያን ጊዜ ሰው የሚያደርገው መምጠጫውን መንቀል ነው፤ ይህን ፒፓው ትኩስ እያለ ፈጽሞ ማድረግ አይገባም። እንጨቱና መምጠጫው በሙቀት የሚለጠጡበት ልክ የተለያየ ስለሆነ አንገቱ ሊሰነጠቅ ወይም ወደ አንገቱ የሚገባው የመምጠጫው ቀጭን ጫፍ፣ ማለትም ምላሱ፣ ሊሰበር ይችላል፤ ባይሰበር እንኳ ግጥምጥሙ እየላላ ይሄዳል። ሽቦው የማያልፍ ከሆነ ጫፉን በጣም ጥቂት አጥፎ እያዞሩ መሞከር አንዳንዴ ይሠራል። አዲስ ፒፓ ሲገዛ ግን ከቅርጹና ከቀለሙ በፊት መታየት ያለበት ሽቦ ሳይነቀል እስከ ጉድጓዱ ማለፉ ነው፤ ይህን ፈተና ያላለፈ ፒፓ ምንም ቢያምር አልገዛም።

ስለ መጋጠሚያው ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ፒፓ ትንባሆውን ባደርቅም፣ ዝግ ብዬ ብስብም፣ ሽቦውን ሦስቴ ባስገባም መንቦጫቦጩን አልተወም ነበር። አንድ ቀን ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ነቀልኩትና በባትሪ ብርሃን አንገቱን አየሁት፤ ከቀዳዳው መጨረሻ ላይ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ቀለበት ነበር። ክብሪት እንጨት እስከ መጨረሻው አስገብቼ ጥልቀቱን በጥፍሬ ምልክት አደረግኩ፣ ከመምጠጫው ምላስ ርዝመት ጋር አስተያየሁት፤ ምላሱ በ4 ሚሊ ሜትር ያጥር ነበር። ጭሱ ከጠባቡ ቀዳዳ ወጥቶ በድንገት ሰፊ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይሽከረከራል፣ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ይነካል፣ ውሃውን ጥሎ ይሄዳል፤ ውሃውም በትክክል ጭሱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሻጩ ጋ ወስጄ ሳሳየው «ሁሉም እንዲህ ነው» ብሎ መለሰልኝ፣ ይህም በጣም አናደደኝ፣ ምክንያቱም ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ በጥንቃቄ የተሠራ ፒፓ ምላሱ ከቀዳዳው መጨረሻ ጋር ሊነካካ ጥቂት እስኪቀረው ይደርሳል፣ የጭስ መንገዱም ከጉድጓዱ እስከ አፍ ድረስ ብዙ ሳይለዋወጥ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ይዞ ይጓዛል። በመጨረሻ አንድ ጠጋኝ ባለሙያ አጭሩን ምላስ ቆርጦ በሚፈለገው ርዝመት ዴልሪን ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሌላ ተከለልኝ። ፒፓው ያው ፒፓ ነው፣ ትንባሆውም ያው፤ ድምፁ ግን ጠፋ።

ያ ሰፊ ክፍል ግን ታስቦበት ሲሠራ መድኃኒት ይሆናል። ቻርልስ ፒተርሰን በደብሊን በ1890 ያስመዘገበው «ሲስተም» የተባለው ፒፓ አንገቱ ውስጥ ከጭሱ መንገድ ዝቅ ብሎ የተሰረሰረ ጉድጓድ አለው፤ ጭሱ ከላይ ሲያልፍ ውሃው ከታች ይተኛል፣ የመምጠጫውም አገባብ በብረት ቀለበት የተጠናከረ አንገት ውስጥ እንደ ውታፍ ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ተነቅሎ ውሃው ይደፋል። ካላባሽ የሚባለው ከቅል የሚሠራው ፒፓም ከጉድጓዱ በታች ትልቅ ባዶ ክፍል ስላለው ጭሱ እዚያ ቀዝቅዞ እርጥበቱን ጥሎ ይመጣል። በእነዚህና በእኔ አጭር ምላስ መካከል ያለው ልዩነት ውሃው ከጭሱ መንገድ ውጭ መውደቁ ነው።

ማጣሪያን በተመለከተ አሳቤ ከብዙ አጫሾች ይለያል። በተለይ በጀርመን የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ አክቲቭ ካርቦን (መጣጭ ከሰል) ማጣሪያ እርጥበትን በእርግጥ ይመጥጣል፣ ከበልሳ እንጨት የሚሠራውም እንዲሁ፤ ድምፁ ላስመረረው ሰው አልከለክለውም። ነገር ግን ከረጠበ በኋላ አልቀየርም ያለ ሰው ራሱን ያታልላል። ለዚህ ማጣሪያ በተሠራ ፒፓ ውስጥ ማጣሪያውን አውጥቶ ባዶውን ማጨስም ከላይ የተናገርኩትን ክፍተት በገዛ እጅ መፍጠር ነው፤ ማጣሪያ የማይፈልግ ሰው ቦታውን የሚሞላ ማጥበቢያ ይክተትበት። በአንዳንድ ፒፓዎች ምላስ ጫፍ ላይ የሚገኘውን ሹል የብረት ቁራጭ ግን ሁልጊዜ አወጣዋለሁ። ብረቱ ጭሱን እንዲያቀዘቅዝ የታሰበ ነው፣ ያቀዘቅዘውምና ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል፣ ማጽጃ ሽቦውንም እንዳያልፍ ያግደዋል።

የተሠራበት ነገርም ለውጥ አለው። ብራየር የሚባለው እንጨት የሚገኘው እኛ አስታ ከምንለው ተክል ሥር ላይ ከሚያብጠው ጉጥ ነው፤ እርጥበትን በመጠኑ ይመጥጣል፣ ከዚያ በኋላ ዕረፍት ይፈልጋል። በቱርክ ከኤስኪሼሂር የሚወጣው ሜርሻም የተባለው ነጭ ድንጋይ ቀዳዳማ ስለሆነ ከብራየር የተሻለ ይመጥጣል። በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ከ1869 ጀምሮ እየተመረተ ያለው ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሚሠራ ፒፓ ደግሞ በዋጋው ከሁሉም ያንሳል፣ እርጥብ ትንባሆን በመቻል ግን ከውዶቹ ብዙዎቹን ይበልጣል፤ ጣዕም የተጨመረበትን ትንባሆ የማጨሰው በእርሱ ብቻ ነው።

ድምፁ ከጀመረ በኋላም ቢሆን ነገሩ አላለቀም። መሳብ አቁሞ ሽቦ ማስገባት ይቀድማል፤ ሽቦ ከሌለ ፒፓውን በአፍ በኩል ወደ ታች አዘቅዝቆ፣ ጉድጓዱን በመጠቅጠቂያው ጀርባ ከልሎ፣ ጠብታው እስኪወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ማራገፍ ይቻላል። በአፍ ወደ ውስጥ መንፋት ግን ውሃውን ወደ ትንባሆው መመለስ ነው፣ አላደርገውም። የሚወጣው ፈሳሽ ኒኮቲን ያለበት ስለሆነ ሊዋጥ አይገባም፤ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራልም። ውሃው ቀነሰ ማለት ጭሱ ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነም በግልጽ መጻፍ አለብኝ፤ ደረቁም እርጥቡም ትንባሆ ጤናን ይጎዳል፣ እኔም ይህን እያወቅኩ ነው በሳምንት ከሁለት ጊዜ የማላልፈው።

ካጨስኩ በኋላ አመዱን አራግፌ አዲስ ሽቦ በውስጡ ትቼ ፒፓውን ጉድጓዱ ወደ ታች እንዲሆን አስቀምጠዋለሁ፤ በአንድ ሌሊት ሽቦው የቀረውን እርጥበት ወደ ራሱ ይስባል። ለቀጣዩ ማጨሻ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይጠብቃል። ሳያርፍ በየቀኑ የተጨሰ ፒፓ እንጨቱ ስለጠገበ በሚቀጥለው ጊዜ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይረጥባል፣ እየቆየም ኮምጣጣ ሽታ ያመጣል።

ያ ሽታ በአንደኛው አሮጌ ፒፓዬ ላይ መጥቶ ነበር። መምጠጫውን ነቅዬ ለብቻው አስቀመጥኩ፣ የአንገቱን ቀዳዳ በጥጥ ወተፍኩ፣ ጉድጓዱን በጥጥ ሞልቼ ጠንካራ የሚጠጣ አልኮል በጠብታ አጠጣሁትና አሳደርኩት። በጥጥ ፋንታ ጨው የሚጠቀሙም አሉ፤ ጨው ወደ አንገቱ ገብቶ እንጨቱን ሊሰነጥቅ ይችላል ስለሚባል እኔ አልደፈርኩም። በማግሥቱ ጥጡ እንደ ቡና ጠቁሮ አገኘሁት፤ በሁለተኛው ሌሊት የገባው ጥጥ ቢጫ ብቻ ሆኖ ወጣ። ፒፓውን አንድ ሳምንት አድርቄ፣ ወረቀት ላይ የደረቀ በርሊ ሞልቼ፣ ቀስ እያልኩ እስከ ሥሩ አጨስኩት። ስጨርስ ገልብጬ መታ መታ ሳደርገው የወደቀው ግራጫ ደረቅ አመድ ነበር።